የሰርካለም ውሰት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ከማንኩሳ ወጣ ብላ ባለችው ቀበሌ የሚኖር ሰው ግን የሰርካለምን ልጅ ስም ሲሰማ «ይሄንን ያወጣው መልአክ ምን ነክቶት ነው?» ሳይል አያልፍም። ልጁ ውሰት ይባላል። ወንፊትና መጥረቢያ ከጎረቤት እንደሚዋሱት ያለ ውሰት። ትምህርት ቤት የገባ ቀን መምህሩ ስሙን ሁለት ጊዜ አስደግመው ጠየቁት። ልጆቹም «የማን ውሰት ነህ? መቼ ትመለሳለህ?» እያሉ ሲያበሽቁት ከረሙ። እሱ ደንታ አልነበረውም፤ አብሯቸው ይስቅ ነበር። ቀልዱን ባለፈች ባገደመች ቁጥር የምትሰማው እናቱ ግን እንዳልሰማች ሆና እርምጃዋን ታፈጥናለች።

አትፍረዱባት። ሰርካለም እንዳለውን አግብታ ጎጆ ከወጣች ወዲህ ሦስት ወንዶች ወልዳ ሦስቱንም ክርስትና ሳይነሱ ቀብራለች። የመጀመሪያው ሲሞት ሰዉ «እግዜር ይካስሽ» አላት። ሁለተኛው ሲሞት የሚላት አጣ። ሦስተኛው ሲሞት «ሾተላይ አለባት» ተባለ። ሾተላይ በእናቲቱ ላይ ተጣብቆ የወለደችውን ሁሉ ይበላል የሚባል ክፉ ነገር ነው። ከዚያ ወዲያ ነፍሰ ጡር ሴቶች ከእሷ ጋር ወንዝ መውረድ ተዉ። ለሦስቱም ያማረ ስም መርጣ ያወጣችላቸው ራሷ ነበረች፤ ሞት ስሙን ሰምቶ ቤቱን ያገኘው ይመስላት ነበር።

አራተኛውን ስታረግዝ ፍኖተ ሰላም ድረስ እየተመላለሰች ታየች፤ እዚያው ወለደች፤ ሐኪሙም «ልጁ ደህና ነው» አላት። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ነገሩ ሆዷ አልገባም። ሦስቱም ሲወለዱ ደህና ነበሩ። ስለዚህ የሐኪሙንም ሰማች፣ የአገሩንም ልማድ አልተወችም።

የአገሩ ልማድ እንዲህ ነው። ልጅ የማይበረክትላት ሴት የወለደችውን ለጎረቤት ትሸጠዋለች። የውሸት ሽያጭ ነው፤ ሞት ሲመጣ «የኔ አይደለም፣ የሰው ነው» እንድትለው። ስሙንም የምታወጣው ገዢዋ ናት። ሰርካለም የመረጠችው ከአጥሯ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩትን እትዬ ዓባይነሽን ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ እሳቸውም ወልደው አያውቁም። ሞት ልጅ ፍለጋ ደጃቸውን ረግጦ የማያውቅ ሴት ናቸው ብላ ነው የመረጠቻቸው። ያን ጊዜ ብልኀት መስሏት ነበር።

ከሆስፒታል በተመለሰች ማግስት ልጁን በጋቢ ጠቅልላ በአጥሩ ክፍተት አሳለፈችው። እትዬ ዓባይነሽ ከማዶ ተቀበሉና አንድ እፍኝ ዳጉሳ እጇ ላይ አፈሰሱላት።

«ሸጥሽ?» አሉ።

«ሸጥሁ።»

«የማን ነው?»

«የርስዎ ነው።»

ወጉ ገዢዋ እዚያው ስም ጠርታ፣ «አሳድጊልኝ» ብላ ለእናቱ እንድትመልሰው ነው። እትዬ ዓባይነሽ ስም አልጠሩም። የልጁን ፊት ገለጥ አድርገው አዩት፤ ደግመው አዩት። ከዚያ እንዳቀፉት ወደ ቤታቸው ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉት።

ሰርካለም ዳጉሳዋን እንደጨበጠች አጥሩ ሥር ደርቃ ቀረች። ጡቷ አጋተ፤ ልብሷን አራሰው። ሲጨንቃት «እትዬ» ብላ ተጣራች። «ነይ አጥቢልኝ» አሏት። አጥብታ ብቻዋን ወደ ቤቷ ተመለሰች። በማግስቱም እንዲሁ። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ሳምንት ተከተለ፤ ስም የለም፣ ልጅም የለም።

ፍርሃቷ ሁለት ሆነ። ልጄን ስጡኝ ብትል ሞት ይሰማል። ዝም ብትል ልጁ እንደወጣ መቅረቱ ነው። አልመልስም ቢሉስ ማን ፊት ቆማ ትከሳለች? በገዛ አፏ «ሸጥሁ» ብላለች፤ የተቀበለችው ዳጉሳም ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል። ባሏ እንዳለው «ሽማግሌ እንላክባቸው» ሲል አፉን በእጇ ከደነችው። በዚያ ቤት ውስጥ ስለ ልጁ ጮክ ብሎ ማውራት ክልክል ሆነ።

አርባ ቀኑ ሞልቶ መምሬ ቂርቆስ ክርስትና ካነሱት በኋላ፣ እትዬ ዓባይነሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ልጁን አምጥተው እቅፏ ውስጥ አኖሩላት።

«ስሙ ውሰት ነው» አሉ። «በውሰት ውሰጂው። ጡትሽን ይጥባ፣ ቤትሽ ይደግ። የውሰት ዕቃ ግን ባለቤቱ በጠየቀ ጊዜ ይመለሳል። ይሄን እንዳትረሺ።»

የቆሙት ሴቶች ሳቁ። ሰርካለም አልሳቀችም። ቀና ብላ ብታይ እትዬ ዓባይነሽም አልሳቁም።

እንዲህ ሆኖ ልጁ አደገ። ከአርባ ቀን አለፈ፣ ከዓመት አለፈ፣ ዳዴ አለ፣ ሮጠ። በአጥሩ ክፍተት ወዲያና ወዲህ ሲሽሎከለክ ክፍተቱ አብሮት ሰፋ። ሰርካለም ግን አንድ ቀን እንኳ «ልጄ» ብላ ጠርታው አታውቅም። መንገደኛ «ልጅሽ ነው?» ካላት «የጎረቤት ነው» ትላለች፤ ልጁ አጠገቧ ቆሞ እየሰማ። በሆዷ ሺህ ጊዜ ትስመዋለች፣ በአፏ «አንተ» ትለዋለች። ከማዶ «ውሰቴ!» የሚል ድምፅ ሲመጣ በእጇ የያዘችው ይወድቃል። እትዬ ዓባይነሽ ማር ሲያልሱት ሊያለምዱት ይመስላታል፤ ሸሚዝ ሲገዙለት ሊወስዱት ይመስላታል። ዶሯቸው በርበሬዋን ስትጭርባት እንኳ እሽ አትልም፤ ተጣልተው «ዕቃዬን መልሺ» እንዳይሏት። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት የተተረተው ለእሷ ይመስል ነበር።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ እትዬ ዓባይነሽ ታመው አልጋ ያዙ። በሦስተኛው ቀን የምታስታምማቸው የእህታቸው ልጅ ምሥራቅ መጥታ አጥሩ ላይ ቆመችና «ውሰቴን ላኪልኝ ብለውሻል» አለቻት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሰርካለም «እሺ» ብላ ገባችና ልጁን ከእንዳለው ጋር በጓሮ አስወጥታ ጅጋ ከተማ ያለች እህቷ ዘንድ ሰደደችው። መንገዱ በግጭቱ የተነሳ አንዴ ተከፍቶ አንዴ በሚዘጋበት ሰሞን ልጅ መንገድ ላይ መስደድ ራሱ ያስፈራል፤ ግን ፍርሃትም ይመረጣል። ምሥራቅ ተመልሳ መጣች። ሰርካለም «ገበያ ሄዷል» አለቻት። እንደገና ስትመጣ «ገና አልተመለሰም» አለቻት። ከዚያ በኋላ እትዬ ረግመውኝ እንዳይሞቱ ብላ ራሷ ሄደች።

እትዬ ዓባይነሽ መደቡ ላይ ተጋድመዋል። ከስተው የሉም ማለት ይቻላል። ሰርካለም በመንገድ ስታጠናው የመጣችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

«እትዬ፣ ልጁን አልሰጥም» አለች። «ይርገሙኝ፣ አልሰጥም።»

«ማን ስጭኝ አለሽ?»

«ውሰቴን ላኪልኝ ብለው…»

«ልመርቀው ነዋ። ላንችም ልመልስልሽ። የሰው ልጅ ይዤ ፈጣሪ ፊት ልቁም እንዴ?»

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ስንት ዘመን የለመነችው ይህንኑ አልነበር? ግን መለሱላት ማለት የእሷ ሆነ ማለት ነው። ሞት ደግሞ ዛሬ ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ መደቡ ራስጌ ቆሞ እየሰማ ነው። ተንበርክካ እግራቸውን ያዘች።

«አይመልሱልኝ» አለች። «ስለ ማርያም አይመልሱልኝ። የርስዎ እንደሆነ ይቅር።»

«እኔ ሙቼም የኔ ነው?»

«የርስዎ ነው።»

«አንች ሴት፣ የሞተ ሰው ንብረቱ ወዴት ይከተለዋል?»

ሰርካለም እጇን ከእግራቸው ላይ አነሳች። ልጁ የሟች ንብረት ከሆነ ከሟች ጋር ሊሄድ ነው፤ ይህን አላሰበችውም ነበር።

እትዬ ዓባይነሽ ቀስ ብለው ቀጠሉ። «እውነቱን ልንገርሽ። ያን ጊዜ ስም ያልጠራሁት ላስቀርብሽ ብየ ነበር። ክፉ ሐሳብ አስቤ ነበር። ግን አቅፌው ስተኛ ፈራሁ፤ ተነፈሰ አልተነፈሰ እያልሁ ሳዳምጥ ይነጋል። ልጅ ያላት ሴት እንዲህ ሁና ነው የምትኖር? አልሁ። ይሄን ያህል ፍርሃት ብቻየን አልችለውም ብየ ነው ያዋስሁሽ። አንችም ስትፈሪ፣ እኔም ስፈራ፣ ይኸው አደገ።»

ሰርካለም አለቀሰች። እሷ ጠላት አድርጋ ስትጠብቃቸው፣ ከአጥሩ ማዶ አንድ ሌላ ሰው ለዚያው ልጅ ሲሰጋ ኖሯል።

«በይ ዳጉሳየን አምጭ» አሏት።

ልጇ ባሰፋው ክፍተት ራሷ ሾልካ ገብታ ከጓዳ አንድ እፍኝ ዘግና ተመለሰች። ስትጣደፍ ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን መዳፋቸው ላይ አኖረችው። ጣቶቻቸው አልታጠፍ ስላሉ እሷ አጥፋ ጨበጠችላቸው።

«ገዛሽ?»

«ገዛሁ።»

«የማን ነው?»

ሰርካለም የቀበረቻቸውን ሦስቱን ሕፃናት አሰበቻቸው፤ ስማቸው አንድ በአንድ መጣባት። ምሥራቅ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች።

«የማን ነው? ንገሪኝ እንጂ፣ ደከመኝ።»

«የኔ ነው» አለች ሰርካለም። እየፈራች ነው ያለችው፤ ግን ማንም በሚሰማው ድምፅ አለችው።

ደጅ ወጥታ ለእንዳለው ደወለችለት። «ዛሬውኑ አምጣው፣ ሳያልፉ ይመርቁት» አለችው። እሱም መንገዱ ክፍት ሳለ በመጀመሪያው ባጃጅ እንደሚነሱ ነገራት። እሷም ቤት መቀመጥ አቅቷት እስከ አስፋልቱ ሄደች። ባጃጅ በመጣ ቁጥር ወደ መንገዱ ጠርዝ ወጥታ ታያለች። አሁን የሚደርስበት ሁሉ በእሷ ልጅ ላይ የሚደርስ ነው።

ከሰዓት በኋላ ደረሱ። እንዳለው ሂሳብ ሲከፍል ልጁ ቀድሞ ወረደና ከገበያ ከሚመለሱ ልጆች ጋር ተቀላቅሎ በአቋራጩ መንገድ ሄደ፤ ከሱቁ ጥግ የቆመችውን እናቱን አላያትም። ሰርካለም ከኋላው ፈጠን ብላ ወጣችና፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው በተሰበሰበበት «ልጄ!» ብላ ጮኸች።

ሌሎቹ ልጆች ሁሉ የየራሳቸው እናት መስላቸው ዞሩ። ያልዞረው እሱ ብቻ ነው። የሌላ ሰው ልጅ የተጠራ መስሎት መንገዱን ቀጠለ።

ሰርካለም ቆመች። «ውሰት» አለች ቀስ ብላ።

«አቤት» አለ፤ ዞሮም ሮጦ መጣ።