«ፍቺው» ትለኝ ነበር

ሚዶ ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር ውስጥ ገብቶ ቸርር ሲል በሰማሁ ቁጥር፣ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ አጥራችንን ተደግፋ ሸራ የተወጠረባት ያቺ ቦታ ዛሬም ድቅን ትልብኛለች። እማዬ ሹሩባ ሠሪ ነበረች። ደንበኞቿ አብዛኞቹ ጠያቂዎች ነበሩ፤ ባል፣ ወንድም ወይም ልጅ የታሰረባቸው ሴቶች ስንቃቸውን ይዘው በጠዋት ከታክሲ ይወርዱና፣ ሰልፉ ሳይረዝም እማዬ እግር ሥር ቁጭ ብለው፣ ፔርሙዛቸውን ጉልበታቸው መሀል አስቀምጠው ይሠሩ ነበር። «ተጎሳቆለች ብሎ እንዳይጨነቅብኝ» ይሉ ነበር። ልጅ ነበርኩና ነገሩ ብዙም አይገባኝም ነበር፤ ብቻ እማዬ የሠራችው ጸጉር በማረሚያ ቤቱ በር ሲገባ ኩራቱ የእኔ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ክረምት እማዬ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ያ የአቃቂ ጥቁር ጭቃ አንሸራትቶ ጣላትና ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ተሰበረ። ወጌሻው አሽቶ አሰረላትና «ይድናል» ብሎን ሄደ፤ እውነትም አጥንቱ ገጠመ፣ ጣቶቿ ግን እንደ ድሮው አልታዘዝ አሉ። ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነበርን፣ የምንበላውም ከዚያችው እጅ ነበር። ደንበኞቿ ዓይናችን እያየ ከመንገዱ ማዶ ወዳለችው ሹሩባ ሠሪ መሻገር ሲጀምሩ፣ እልህ ያዘኝ።

«እኔ እሠራለሁ!» አልኳት እሳት ጎርሼ።

እማዬ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «የሰው ራስ መጫወቻ መሰለሽ? መጀመሪያ ክር አምጪ» አለችኝ።

ክር ፋብሪካ ከምትሠራ ጎረቤታችን ቁርጥራጭ ክር ለምኜ አመጣሁ። እማዬ የመቀመጫ ዱካዋ እግር ላይ ታስርልኝና መነሻውን ብቻ፣ ያችን የመጀመሪያዋን ጉንጉን ብቻ ታስጎነጉነኝ ነበር፤ ትንሽ ወረድ ልበል ስል «ማን ውረጂ አለሽ?» ትለኛለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኔ እጎነጉናለሁ፣ እፈታለሁ፣ መልሼ እጎነጉናለሁ። ክሩን አለፍኩ ስል ደግሞ ጫልቱ የምትባለውን የሰፈራችንን ጓደኛዬን በበቆሎ እሸት አባብዬ አስቀመጥኳትና፣ አሁንም ሹሩባ የለም፣ በሚዶ ጫፍ ጸጉሯን ለሁለት መክፈል ብቻ! እማዬ ዓይኗን ጨፍና በደህናው በግራ እጇ አውራ ጣት መስመሩን ከግንባር እስከ ማጅራት ትዳስስና «ፍቺው» ትለኝ ነበር።

«የቱ ጋ ነው የጠመመው?»

«አንቺ ፈልጊው።»

ኧረ እንዴት አንጀቴ ያር ነበር! ግን ዓይኔን ጨፍኜ ስፈልግ፣ ስፈልግ፣ ጠማማዋ ቦታ አውራ ጣቴን ቆርቆር ታደርገው ጀመር፤ ጥፋቱን ጣቴ ከዓይኔ ቀድሞ ያገኘው ጀመር።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲጠነክር እማዬ አንድ ሰው ፈቀደችልኝ። እትዬ አስካለን ነበር፤ ባለቤታቸው የታሰሩባቸው፣ ከሁሉም ደንበኞች ማዶ ያልተሻገሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በላብ ተጠምቄ ሠራኋቸው። ጠይቀው ሲመለሱ ገና ከሩቅ ይስቁ ነበር።

«አይ ሰውዬው! ‹ዛሬ ደግሞ ማን ሠራሽ?› አለኝ እኮ፣ ገና ሳልቀመጥ!»

ኩም አልኩ። እማዬ እንደ ሌላ እናት አይዞሽ አላለችኝም፤ «ዝም ብለሽ ታለቅሻለሽ ወይስ ምኑን አይቶ እንዳወቀ ትጠይቂያታለሽ?» አለችኝ። አፍንጫዬን በክንዴ ጠርጌ ጠየቅኳቸው። «‹ከጆሮሽ በላይ ያለው መስመር ጠማማ ነው› አለኝ» አሉ፤ ሽቦ ማዶ ቆሞ ሌላ ምን የሚያየው አለው ብለውም ጨመሩበት። ለባለቤታቸው የእማዬን እጅ መሰበር እንጂ የእኔን ሠሪነት አልነገሯቸውም ነበር።

በጋውን ሙሉ ከጆሮ በላይ ያለችውን ያችን ቦታ ብቻ ሠራሁ። ራስ እዚያ ጋ ጎበጥ ይላል፣ ሚዶውም እያታለለ ወደ ኋላ ይወስዳል። ጫልቱ «ጆሮዬን ተይልኝ እንጂ፣ አንቺ ጨካኝ!» እያለች ትጮህ ነበር፤ እኔ ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልተዋትም ነበር። ልጆች ሜዳ ላይ ሱዚ ሲዘሉ ድምፃቸው ይሰማኛል፣ ያምረኛልም፤ ቢሆንም ከዚያች ሸራ ሥር ንቅንቅ አልልም ነበር። እትዬ አስካለ እየመጡ ይሠራሉ፣ ባለቤታቸው ያያሉ፣ ነቀፋው ይመጣል፤ ጠበቀ፣ ላላ፣ ግራው ከቀኙ ወፈረ። ቀስ በቀስ ነቀፋው እያነሰ መጣ።

የፋሲካ ጾም ሊፈታ ሲል እትዬ አስካለ ተሠርተው ገቡ። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ ጥፍሬን እየበላሁ ጠበቅኳቸው። ባዶ ፔርሙዛቸውን ይዘው ወጡና ቀጥ ብለው ወደ እማዬ ሄዱ።

«ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እሰይ! እጇ ዳነላት ማለት ነው› አለኝ።»

እኔ ዘልዬ ጮህኩ። እማዬ ግን ያን ጎበጥ ያለ አንጓዋን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ሳቀች፣ ስትስቅ ስትስቅ እንባዋ መጣ።

«አዎ፣ ድኗል በይልኝ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ማዶ የተሻገሩትም ተመለሱ። ዛሬ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት የራሴ ጸጉር ቤት አለኝ። የማሠለጥናቸው ልጆች ሞባይላቸው ላይ ቪዲዮ አይተው በማግስቱ «ቻልኩት» ይሉኛል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው መስመሩን በጣታቸው እንዲፈልጉ ሳስገድዳቸው ደግሞ ኮስታራ ነች ብለው ያሙኛል። ይሙኝ! ሽቦ ማዶ ቆሞ የሚያይ ሰው የለባቸውም፣ አልፈርድባቸውም።

እማዬ ከእኔ ጋ ናት። እሁድ እሁድ ሽበቷን እሠራታለሁ፤ ስጨርስ ዓይኗን ትጨፍንና በግራ አውራ ጣቷ ከግንባሯ ጀምራ ቀስ እያለች ትዳስሳለች። ያኔ ልጅ ሆኜ ያቺ ጣት መጨረሻ ሳትደርስ ልቤ አፌ ላይ ትደርስ ነበር፤ አሁን ደግሞ ትንሽ እንድትቆይልኝ እመኛለሁ። ባለፈው እሁድ ከጆሮዋ በላይ ስትደርስ ቆመች።

«ፍቺው» አለችኝ።

ፈታሁት።