ታትሞ የወጣ ስም

ብሩክታዊት ዘወትር ጠዋት በስቶቭነር የሰፈሩን አዳራሽ ከፍታ ስልሳ ወንበሮች ታነሳለች፣ ወለሉን ትወለውላለች፣ ወንበሮቹን መልሳ ትደረድራለች። አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። የቢዴሉ፣ ማለትም የክፍለ ከተማው፣ ምክር ቤት የሚሰበሰበው እዚያው ስለሆነ፣ አባላቱ ጠረጴዛ ላይ ጥለውት የሚሄዱትን ወረቀት ከመጣሏ በፊት ቆማ ታነባለች። የትኛው ባርነሃገ ሊዘጋ እንደሆነ ልጆቻቸውን እዚያ ከሚያውሉት ወላጆች ቀድማ ታውቃለች።

በአምሳ ሁለት ዓመቷ እሷም ከጠረጴዛው ዙሪያ መቀመጥ ፈለገች። ፓርቲዋ በስቶቭነር ከአምስት ወንበር በልጦም አንሶም አያውቅም። የፓርቲው አስመራጭ ኮሚቴ የዕጩዎቹን ረቂቅ ዝርዝር አትሞ ሲያወጣ ስሟ አምስተኛ ነበር። የሚያጸድቁት ግን ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ የሚገኙ የፓርቲው አባላት ናቸው። ለዚህ ብላ ባሏን ተረፈን ጨምሮ ሠላሳ አንድ አበሻ አባል አድርጋለች። ለእያንዳንዳቸው ደወለች።

«ስምሽ ታትሞ የለም እንዴ?» አለቻት ናዝሬት፣ ድሮ ቢየርቪካ ቢሮ አብራት ታጸዳ የነበረች ጓደኛዋ።

«ረቂቅ ነው እኮ። ድምፅ ይሰጥበታል።»

«ውይ ብሩኬ! የታተመ ነገር ሲቀየር የት አይተሽ ታውቂያለሽ? እኛ መጥተን ብናጨበጭብ ምን ይጨምርልሻል?»

«ጭብጨባ አይደለም፤ ቆጠራ ነው።»

«ያ፣ ያ፣ እንመጣለን፣ ክብርት ሆይ!»

ቅዳሜ ስልሳውን ወንበር ራሷ ደረደረች። አሥራ ዘጠኝ ሰው መጣ። ከሠላሳ አንዱ አንድም የለም። ኤማ የምትባል ተማሪ ዘጠኝ ጓደኞቿን አስከትላ መጥታ ለአምስተኛው ቦታ ተወዳደረች። የቀሩት ስምንት ነባር አባላት ከብሩክታዊት ጋር ነበሩ። ወንበር መቁጠር ሥራዋ ነውና ሂሳቡ ወዲያው ገባት። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት አሥር ደቂቃ እረፍት ሲሆን ኮሪደር ወጥታ ለተረፈ ደወለች።

«ሰዉ የት አለ?»

«እዚህ ነዋ! ቤቱ ሞልቷል። ልናስደንቅሽ ነበር፤ ናዝሬት ኬክ አሠርታልሻለች።»

«ሁለት ሰው ይዘህ ና። አምስት ደቂቃ መንገድ ነው።»

«እንግዳ ጥዬ? ነውር አይደል እንዴ! ደግሞ አንቺ እኮ አልፈሻል፤ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ።»

ከጀርባው የናዝሬት ድምፅ ተሰማ፤ «እሷ ናት? ክሬሙ ሳይቀልጥ ትምጣ በላት!» ሰዉ ሳቀ።

አሥር ለዘጠኝ። ሰብሳቢው ውጤቱን ሲያነብ ስሟን ሦስት ጊዜ አበላሽቶ በአራተኛው «ብሩክ» ብሎ ተወው። ከዝርዝሩ ግርጌ አሥራ አራተኛ ሆና ተጻፈች። ኤማ መጥታ አቀፈቻት፤ አዳራሹ ንጹሕ እንደሆነ ነገረቻት። ሁሉም ሲወጡ ብሩክታዊት ማንም ያልተቀመጠባቸውን አርባ አንድ ወንበሮች ጨምራ ሰበሰበች።

የቤቷ በር ሲከፈት እልልታው ደረጃው ድረስ ወጣ። ኬኩ ላይ በክሬም «ሹመት ያዳብር» ተጽፏል። ተረፈ ቢላዋ አስጨበጣት። ውጤቱን የጠየቃት የለም፤ እሷም ሠላሳ አንድ ቁራሽ ቆርጣ እስክታድል አልተናገረችም። ከዚያ ነገረቻቸው።

ናዝሬት ጣቷን ላሰች።

«አላልኳችሁም?» አለች። «ድሮም ቀድመው ወስነውት ነው። እንኳንም አልሄድን።»

አዲሱ ምክር ቤት ከምርጫው በኋላ በጥቅምት የመጀመሪያ ስብሰባውን ያደርጋል። ወንበሮቹን ጠዋት የምትደረድረው ብሩክታዊት ናት።