በሁለት እጅ የተጠመጠመ ሞተር

ባለፈው ሳምንት ለጋሽ ዳንጊሶ ለቅሶ ሐዋሳ ሄጄ ነበር። መናኸሪያ አካባቢ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ንፍሮዬን ይዤ ተቀምጬ ሳለ፣ ከተማው ዳር ካለችው ከቱላ የመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ላለው ሰው፣ “ደህና ባለሙያ ነበሩ፤ መጨረሻ ላይ እጃቸው ከዳቸው እንጂ” ሲሉ ሰማሁ። ንፍሮዬን አስቀምጬ ዞር ብዬ አየኋቸው።

ጋሽ ዳንጊሶ የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ሞተር ፈትተው በአዲስ የመዳብ ሽቦ እንደገና የሚጠመጥሙ ሰው ነበሩ። እኔ በወጣትነቴ ቀን ቀን እሳቸው ዘንድ ሙያ እየለመድኩ፣ ማታ ማታና ቅዳሜ ኮሌጅ ገብቼ ምህንድስና እማር ነበር። እናቴ መምህርት ነበረችና “ወይ ተማሪ ሁኚ ወይ ሠራተኛ” ትለኛለች። እውነትም አንዱንም በቅጡ የሆንኩ አይመስለኝም ነበር። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ወርክሾፕ ውስጥ ደግሞ ቀመር እያነበነብኩ ሽቦ እበጥሳለሁ። ጋሽ ዳንጊሶ ግን አይቆጡኝም። ሚስታቸው ለምሳ የሚልኩትን ቡርሳሜ እንኳ ቅቤ የበዛበትን ወገን ወደ እኔ ያዞሩልኛል፤ የሚማር ጭንቅላት ቅቤ ይፈልጋል ባይ ናቸው።

ወርክሾፑ አንድ የማይጣስ ሕግ ነበረው፦ ሞተሩን የጀመረው እጅ ይጨርሰዋል። አንዱ ሽቦውን ጠበቅ፣ ሌላው ላላ ስለሚያደርገው፣ ሁለት እጅ የገባበት ሞተር አይበረክትም ይሉ ነበር። ደንበኛውም ሥራውን ሲረከብ በማን እጅ እንደተሠራ ይጠይቃል። ጋሽ ዳንጊሶ ከታመሙ ወዲህ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር አብዛኛውን የምጠመጥመው እኔ ነበርኩ።

የመጨረሻው ፈተናዬ ቅዳሜ ከሰዓት ሆነ። ወሩ ጥር ነው፤ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። በዚያው ሳምንት ከቱላ የውሃ ፓምፕ ሞተር መጣ፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠጣው ከዚያ ጉድጓድ ነበር። ዓርብ ጨርሼ ስፈትሸው ሽቦው ተነካክቶ ሾርት አድርጎ አገኘሁት፤ ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ገና ግማሹ ነበር፤ ሰዎቹ ደግሞ ማምሻውን ሊወስዱት ይመጣሉ። ፈተናው ካመለጠኝ የሚቀጥለው በዓመቱ ነው። ፈተናው ይቅርብኝ ብዬ ለጋሽ ዳንጊሶ ነገርኳቸው።

“ሂጂ፤ እኔ እጨርሰዋለሁ” አሉኝ።

“ሕጉስ ጋሼ?”

“ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።”

ሄድኩ። የፈተናው ወረቀት ላይ አቀርቅሬም የሚታየኝ ያ የሚንቀጠቀጥ እጃቸው ነበር። ስመለስ ሞተሩ ተወስዷል።

ሳምንት ሳይሞላው ተቃጥሎ ተመለሰ። በእኛ ጥምጥም ይሁን በመብራቱ መዋዠቅ እስከ ዛሬ አላውቅም። የቱላ ሰዎች፣ ሴቶቻቸው ውሃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ መጀመራቸውን በምሬት ተናግረው፣ በማን እጅ እንደተሠራ ጠየቁ።

“በእኔ” አሉ ጋሽ ዳንጊሶ።

ልናገር ስል በዓይናቸው ዝም አሰኙኝ። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ “የእኔ ስም ብዙ ዓመት ሠርቷል። ያንቺ ገና ነው፤ በዚህ እንዲጀመር አልፈልግም” አሉኝ። አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ከቱላ ሞተር መጥቶ አያውቅም፤ እጃቸው ከዳቸው የሚለው ወሬ ሌላውንም ሰፈር አዳረሰ። እኔ በተመረቅኩበት ዓመት እሳቸው ሥራ አጥተው ወርክሾፑን ዘጉ። ምረቃዬ ላይ ኮታቸውን ለብሰው መጥተው ከእናቴ ጎን ቆመው ሲያጨበጭቡ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ሽማግሌው አጠገብ ሄድኩ። ያን ሞተር የጀመርኩት እኔ እንደነበርኩ፣ ጋሽ ዳንጊሶም ፈተና እንዳያመልጠኝ ብለው የራሳቸውን ሕግ እንደጣሱ ነገርኳቸው።

“እኛ እኮ እጃቸው ከዳቸው ብለን ነው የተውናቸው፣ ልጄ” አሉ ሽማግሌው። “ለልጅ ፈተና ብለው መሆኑን ብናውቅ ኖሮ፣ ሌላ ሞተር ይዘንላቸው እንመጣ ነበር።”

ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ያልኩት ቃላቸውን ላከብር ብዬ ነበር። አንድ ቀን ባጃጅ ተሳፍሬ ቱላ ሄጄ እውነቱን ብናገር ኖሮ ወርክሾፑ ክፍት ሊቆይ ይችል እንደነበር ግን ለአፍታም አስቤ አላውቅም።