ከሳጥኑ የወጣው ጅብ

ከዚህ በፊት ጽሑፍ የሚባል ነገር ጽፌ አላውቅም። ጻፍኩ ከተባለ፣ ለጥገና በመጡ ሬዲዮዎች ላይ የምንለጥፋትን ቁራጭ ወረቀት ነው፤ «ተሠርቷል»፣ «ስፒከር ይፈልጋል»፣ «አንቴናው ተሰብሮ ነው የመጣው»። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። መናገርም ብዙ አይሆንልኝም። ሰው ስለ ሳጥኔ ሲጠይቀኝ አንገቴን ደፍቼ እቀራለሁ። ስጽፍ ግን የሚያየኝ ስለሌለ ይቀለኛል። ያ ሳጥን እኔንና እናቴን ከቤት ሊያስወጣን ነበር፤ የምጽፈውም እሱን ነው።

የምንኖረው የካ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ባለች የኪራይ ክፍል ነው። ከኋላችን አጥር አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። እናቴ የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ናት። እኔ ታች ቀበና፣ ከወንዙ አጠገብ ባለች የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ሱቅ እሠራለሁ። የሱቁን ባለቤት ጋሼ ነው የምላቸው። ሱቁን ልጠርግ ነበር የተቀጠርኩት። አንድ ቀን ሥራ በዝቶባቸው መበየጃውን አስያዙኝ፤ እጄ እንደማይንቀጠቀጥ ሲያዩ መጥረጊያውን ለራሳቸው ወሰዱት። ደንበኛ ሲያናግረኝ ዝም ካልኩ ግን፣ «ይቅርታ፣ የዚች ልጅ ቮልዩሟ ተበላሽቷል፤ መለዋወጫው ገና አልመጣም» ይላሉ። ደንበኛው ይስቃል። እኔም እቃ የምፈልግ መስዬ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብዬ እስቃለሁ።

ሲንተሳይዘር የሚባለውን፣ በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ፣ ያየሁት በስልኬ፣ ቪዲዮ ላይ ነው። አንዲት ሴት ሽቦ በሽቦ የሆነ ትልቅ ሳጥን ፊት ቆማ፣ ሽቦውን ከአንዱ ቀዳዳ እየነቀለች ሌላው ላይ ትሰካለች። በሰካች ቁጥር ድምፁ ይለወጣል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አልተናገረችም። እኔን የማረከኝ እሱ ነው።

እንዲህ ያለ ሳጥን በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች የአገጣጠሙን ስዕል ኢንተርኔት ላይ እንደሚያወጡት ቆይቼ ደረስኩበት። እንግሊዝኛው አይገባኝም። ስዕሉ ግን ጋሼ ካስተማሩኝ ብዙ አይለይም፤ ሬዚስተር በየትም አገር ሬዚስተር ነው። ለጋሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩት።

«ይሄ እኮ የሚጮህ ሬዲዮ ነው» አሉ። «እኛ ጩኸት ስናጠፋ ዕድሜያችንን ጨረስን፤ እነዚህ ሆን ብለው ይሠሩታል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ከሞቱት ውስጥ የምትፈልጊውን ውሰጂ።»

የሞቱት የሚሏቸው ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው የቀሩትን ሬዲዮዎችና ቴፖች ነው። ትራንስፎርመሩን ከአንዱ ቴፕ፣ ስፒከሩን ከሌላው ነቀልኩ። ሳጥኑን ከእቃ ማሸጊያ ጣውላ መታሁት፤ ፊቱን የዘይት ቆርቆሮ ከፍቼ ዘርግቼ አለበስኩት። የቆርቆሮው የሱፍ አበባ ስዕል እስከ ዛሬ አለ። ክፍሎቹን አንድ በአንድ ሠራሁ። አንዱ ድምፁን ያወጣል፤ አንዱ ድምፁን ያጠራዋል ወይም ያደፈርሰዋል፤ አንዱ ደግሞ ድምፁ እንዴት ተነሥቶ እንዴት እንደሚጠፋ ይወስናል። ለየብቻቸው ጥቅም የላቸውም። ከተበላሹ ኢርፎኖች በቆረጥኳቸው ሽቦዎች ሳገናኛቸው ነው ሥራ የሚጀምሩት።

ድምፆቹን ተራ በተራ የሚጠራው ክፍል ስዕሉ ላይ ስምንት ቮልዩም፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ የሚዞር ቁልፍ፣ ነበረው። ከሞቱት ውስጥ ተመሳሳይ ሆነው የተገኙት አምስት ብቻ ስለሆኑ በአምስት አቆምኩት። ሳበራው አምስቱ ድምፆች ዙሪያውን እየተከታተሉ መጡ። ቮልዩሞቹን ጥቂት ጥቂት ሳዞር ቆይቼ አንድ የማውቀው ነገር ሰማሁ፤ ባቲ ነበር። ቅኝት ያስተማረኝ የለም። ግን ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ የሚሞከርበት ሱቅ የሚውል ሰው ጆሮው ሳይማር አይቀርም። ለቅኝት አምስት ድምፅ ይበቃል፤ የቀሩትን ሦስቱን ከዚያ በኋላ አልፈለግኳቸውም።

ችግሩ፣ ሳጥኑ ሙቀት አይወድም። ጠዋት፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ክፍሉ ውስጥ እያለ ያስተካከልኩት ቅኝት፣ ጣሪያው ሲግል ቦታውን ይለቃል። ከሁሉ ቀድማ የምትሸሸው ከፍ ያለችዋ ድምፅ ናት። ጋሼን ስጠይቃቸው፣ «ትራንዚስተሩ ነው፤ ሲሞቀው ይዋሻል» አሉኝ።

በዐቢይ ጾም፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ አከራያችን በግ ገዝተው ግቢው ውስጥ አሰሩ። እትዬ ነው የምንላቸው። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቆፍጠን ያሉ ሴት ናቸው። የቤቱን ጉዳይ የሚነጋገሩት ከእናቴ ጋር ነው፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ሰላም እላለሁና አልፋለሁ።

አንድ ቅዳሜ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሳጥኑ ላይ አዲስ ክፍል ገጠምኩ። ድምፁ ካንዱ ወደ ሌላው ከመዝለል ይልቅ እንዲንሸራተት የሚያደርግ ነው። ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ትንሽ ካፓሲተር ነበር የሚፈልገው፤ ስላልነበረኝ ትልቅ በየድኩበት። ድምፁ ከታች ተነሣ፤ ቀስ እያለ ወጣ፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ድንገት ሽቅብ ተስፈነጠረ። እንጦጦ ሥር ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ጅብ ነው። በጣም ደስ አለኝ። ከሩቅ እንዴት እንደሚሰማ ለማወቅ ቮልዩሙን ጨምሬ በሩን ከፈትኩት።

መጀመሪያ የሰፈሩ ውሾች ተነሡ። ቀጥሎ አጠገባችን የተከራየው ታክሲ ነጂ በአንድ እግሩ ጫማ ወጣ።

«ጅብ ገብቷል! በሩን ዝጉ! ኧረ በሩን!»

የግቢውን በር ሊዘጋ ራሱ ሮጠ። በዚህ መሃል በጉ ገመዱን በጥሶ በነጂው እግሮች መካከል ሾልኮ ወጣ። እትዬ ዱላ ይዘው፣ ነጠላቸውን መሬት እየጎተቱ ተከተሉት። እኔ ሽቦውን ነቀልኩ። ጅቡ ጸጥ አለ። ግቢው ውስጥ የቀረ ሰው ሁሉ ወደ እኛ በር ዞረ።

በጉ ታች ሰፈር፣ የሰው ጎመን ሲበላ ተገኘ። እትዬ እሱን አስረው ሲጨርሱ በቀጥታ ወደ እናቴ መጡ።

«ወይ ሳጥኑ ይውጣ፣ ወይ ቤቴን ልቀቁ» አሉ። «በጾም ዘፈን እንኳ አይሰማም፤ እናንተ ጅብ ታሰሙኛላችሁ?»

እናቴ ይቅርታ ጠይቃ ገባችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ከዚህ ብንወጣ የት እንገባለን? የካ አባዶ? ከዚያ ተነሥቼ ሥራ ቦታዬ የምደርሰው መቼ ነው?»

ጣይው አላለችኝም። ብትለኝ ይቀለኝ ነበር።

ሰኞ ለጋሼ ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ መነጽራቸውን ጠረጉና፣ «ደንበኛ ሬዲዮውን የሚያምንሽ መቼ ነው?» አሉኝ።

«ክዳኑን ከፍቼ ሳሳየው።»

«በይ ክዳኑን ክፈቺላቸው። ግቢው መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ።»

እናቴ እትዬን ለመነችልኝ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንዲያዩት ፈቀዱ። ጠረጴዛ አወጣሁ፤ ሳጥኑን አስቀምጬ የኋላውን ጣውላ ፈታሁ። እትዬ ወንበር አስመጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

ታክሲ ነጂው ጭንቅላቱን ሳጥኑ ውስጥ ከተተ። «ጅቡ የታለ? አንጀቱ ብቻ ነው እኮ ያለው!»

«ዞር በልላት አንተ» አለችው እናቴ።

«እሺ፣ ግን እህቴ፣ የታክሲዬን ክላክስ እንዲህ አድርጊልኝ። መንገድ የማይለቅልኝ የለም።»

የሚያንሸራትተውን ክፍል ለይቼ አስቀረሁትና አምስቱን ድምፆች ለቀቅኩ። ዙሪያቸውን ይዞሩ ጀመር።

«ይሄ ዘፈን አይደለም?» አሉ እትዬ። አንገቴን ደፍቼ ሽቦ መነካካት ጀመርኩ።

ታክሲ ነጂው ደረሰልኝ። «ቃል የለውማ፣ እትዬ። ቃል የሌለው ዘፈን አይባልም።»

«ጅቡስ ቃል ነበረው?»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የምሰማው። ፀሐዩ ቆርቆሮውን አግሎታል፤ ከፍ ያለችዋ ድምፅ ቦታዋን እየለቀቀች ነው። ሌላ ሰው ባይሰማት እያልኩ ስጨነቅ፣ እትዬ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«የላይኛዋ» አሉ።

«አቤት?»

«የላይኛዋ ሸሽታለች። መልሻት።»

ቮልዩሟን መለስኩ። «ገና ናት» አሉ። ትንሽ ጨመርኩ። «አለፍሻት።» መለስኩ። «እሱ ነው። አሁን ባቲ ሆነች።»

«እትዬ! በጾም?» አለ ታክሲ ነጂው።

«ቃል የለውም ያልከው አንተ አይደለህ?»

ድምፅዋ እንደገና መሸሽ ጀመረች። እትዬ እንደገና ሊቆጡ ሲሉ ቀደምኳቸው።

«ፀሐዩ ነው፣ እትዬ። ሲሞቀው ቦታውን ይለቃል። ጠዋት፣ በብርድ ነው ያስተካከልኩት።»

ለእሳቸው ያን ያህል ረጅም ነገር ተናግሬ አላውቅም። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። እትዬ ተነሥተው ወንበራቸውን በፀሐዩና በሳጥኑ መካከል አዛወሩና ጀርባቸውን ለፀሐዩ ሰጥተው ተቀመጡ። ጥላቸው የሱፍ አበባው ላይ አረፈ። ድምፅዋ ቀስ እያለች ተመለሰች። ቅኝት የት እንደተማሩ አልነገሩንም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሰዉ ወደየቤቱ ሲገባ እናቴ ጠጋ አለቻቸው። «እንግዲህ እትዬ፣ ምን ወሰኑ? ቤቱን...»

እትዬ ወደ በጉ ሄደው አዲሱን ገመድ ሳብ አድርገው ሞከሩት። ከዚያ እናቴን አልፈው እኔን አዩ።

«ቀን ቀን ተጫወቺ» አሉኝ። «ጅቡን ግን በጉ ከታረደ በኋላ ነው የምታመጪው።»