አምቡላንሱ መንገድ ላይ ያገኘናል

ባለፈው ሳምንት ለቤት ለቤት ጉብኝት ወጥቼ፣ አጥር ላይ በተሰጣ የባና ብርድ ልብስ አጠገብ ሳልፍ ዝናብ የጠጣ የበግ ጠጉር ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ቆምኩ። የቤቲቱ ባለቤት ወጥታ "ግቢ እንጂ፣ ምነው?" ስትለኝ፣ ለነፍሰ ጡር ልጇ ልነግራት የመጣሁት ነገር ከየት እንደሚጀመር ጠፋብኝ።

ምን ልበልሽ ጓደኛዬ፣ ያ ሽታ የወንድሜን ሚስት ያጣንበት ቀን ሽታ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። እሷ እኛ ቤት ከገባች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። በእኛ አገር ሙሽራ የባሏን ታናናሾች በስማቸው አትጠራም፤ ለእኔ "ሸጋዬ" የሚል ስም አወጣችልኝ። ጠጉር ስትፈትል አጠገቧ ቁጭ ብዬ ከትምህርት ቤት የሰማሁትን ሁሉ እነግራት ነበር። የጤና ክበብ ነበረን። እናት ቤቷ መውለድ የለባትም፣ ከተደወለ አምቡላንስ ይመጣል ተብለናል። ቁጥሩ ጤና ኬላው በር ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ።

እናቴ ግን "እኔ ሰባታችሁንም የወለድኩት እዚሁ መደብ ላይ ነው። ማርያም ትደርስልኝ ነበር፤ ማን መኪና ላከልኝ?" ትል ነበር።

በዚያው ዓመት ቀበሌያችን ወደ አዲስ ወረዳ ተዛወረ። ለምን እንደሆነ ያኔም አልገባኝ፣ ዛሬም በደንብ አልገባኝም። በስብሰባው ላይ ትልልቆቹ አጨበጨቡ፤ መንግሥት ቀረበልን ተባለ። ወንድሜ እያፏጨ ገባ።

"ታዲያ ጤና ጣቢያውም ይቀርባል?" አለችው ሚስቱ።

"ሁሉም ይቀርባል።"

ምጡ የጀመራት አንድ የሐምሌ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ወንድሜም ሌሎቹ ወንዶችም ሞላሌ ገበያ ሄደዋል። እናቴ የመንደራችንን አዋላጅ አስጠራች። እኔ ስልክ ይዤ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ሮጥኩ። ጉሙ የምረግጠውን እስኪያሳጣኝ ድረስ ወፍሮ ነበር።

"ከየትኛው ቀበሌ ነሽ?" አለኝ ስልኩን ያነሳው ሰውዬ። ነገርኩት።

"እናንተማ ወደ አዲሱ ወረዳ ሄዳችኋል። እዚያ ደውይ።" ቁጥሩን ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ሰጠኝ።

እዚያ ያነሳችው ሴት "እኛ መኪና ገና አልደረሰንም፤ እስኪደርሰን የሚያነሷችሁ የድሮዎቹ ናቸው፣ ተነጋግረናል" አለች። ለሰውዬው መልሼ ደወልኩ። "እኔ ጋ የደረሰ ደብዳቤ የለም፣ እህቴ" አለኝ። እንደገና ለሴቲቱ፣ እንደገና ለእሱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለቱም ድምፃቸው የደግ ሰው ነው፤ ማንን እንደምለምን ግራ ገባኝ። በመጨረሻ ባትሪው አለቀ።

ውሸቱን ያሰብኩት ቁልቁል ስሮጥ ነው። መኪና የለም ካልኳት እናቴ ከቤት አታስወጣትም። ቤት ከቀረች ደግሞ ትሞታለች ብዬ አምኛለሁ፤ እንዲያ ነው የተማርኩት። በሩ ላይ ቆሜ፣ "አምቡላንሱ ጠጠር መንገዱ ላይ ያገኘናል" አልኩ።

እናቴ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ "ቃሬዛ ይምጣ" አለች።

ሁለት ሽማግሌዎችና ጎረቤት ሴቶች እየተቀያየሩ ተሸከሟት። ከላይ ባና አለበስናት። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ዝናቡ ያዘን፤ ባናው ውሃውን እየጠጣ ከበደ። እሷ በምጡ መሀል ፋታ ስታገኝ እጄን ይዛ፣ "ሸጋዬ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነው ተኝቶ?" አለችኝ። መኪና ተሳፍራ አታውቅም።

"ተኝተሽ ነው" አልኳት።

ጠጠር መንገዱ ላይ ቆመን ጠበቅን። ሁሉም መኪናው ይመጣበታል ወዳሉት አቅጣጫ ያያል። እኔም አብሬያቸው አይ ነበር። እውነት የሚመጣ መስሎኝ ነበር ብልሽ ታምኛለሽ? በኋላ አንደኛው ሽማግሌ "ቆመን ከምንቀር እንሂድ" አሉና ቃሬዛው ተነሳ።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ከቀትር አልፏል። ወጣቷ አዋላጅ ነርስ እየሮጠች ተቀበለችን። ብዙም ሳይቆይ ሕፃን አለቀሰ፤ ሴት ናት። እልል አልን። እልልታው ሳያልቅ ነርሷ ጓንቷ ደም እንደሆነ ብቅ አለች።

"ደሙ አልቆመልኝም። ሆስፒታል መግባት አለባት።"

ከዚያ በበሩ ክፍተት ስልክ ስታናግር ሰማኋት፦ "የየትኛውም ወረዳ ትሁን! ሴትዮዋ እየደማች ነው እኮ!"

መኪናው መጣ። ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ አላየሁም። ሲደርስ እሷ አልፋለች፤ ሬሳዋን ወደ ቤት መለሰልን። ወንድሜ ለገንፎዋ ቅቤ ገዝቶ ከገበያ ሲመለስ ያገኘን ግቢ ሙሉ ለቅሶ ላይ ነው።

አሁን እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ሂዱ፣ ቤት አትውለዱ የምለው እኔ ነኝ። አንዳንዱን ወር በጦርነቱ መንገዱ ይዘጋል፣ ስልኩም ይጠፋል፤ ያኔም ሂዱ እላለሁ። ሬዲዮ የሰው ዕድሜ ጨምሯል ሲል እሰማለሁ። እኔ የወንድሜን ሚስት ዕድሜ ካለፍኩ ቆየሁ። ሰባት ጊዜ መደብ ላይ የወለደችው እናቴ ፀጉሯ ነጥቶ አለች፤ እንደተማርኩት አድርጌ ያስኬድኳት እሷ ግን የለችም። ቤት ብትቀርስ? እውነቱን ተናግሬ፣ መንገድ ላይ ባንቆምስ? እያገላበጥኩ አስበዋለሁ፤ አንድም ቀን አንድ ቦታ አልደረስኩም።

በዘንድሮው ጾም ከእናቴ ጋር ምስር ስንለቅም ድንገት ከአፌ ወጣ።

"እማዬ፣ ያን ቀን መኪና የለም ብለውኝ ነበር። ዋሽቼ ነው።"

እጇ መልቀሙን አላቆመም። "አውቃለሁ" አለች።

"መቼ?"

"ያኔውኑ። አንቺ ውሸት አታውቂበትም።" አንድ ጠጠር ለቅማ ጣለች። "አዋላጇ፣ ልጁ በቂጡ ነው የመጣው፣ እኔ አልችለውም ብላኝ ነበር። ፈርቼ ነበር። ደፍሮ እንሂድ የሚለኝ ሰው ነበር የፈለግሁት።"

በዚህ መሀል ያን ቀን የተወለደችው የወንድሜ ልጅ ከትምህርት ቤት ገባች። ደብተሯን ወርውራ በመካከላችን ተወሸቀችና ምስሩን ትለቅም ጀመር። ቀና ብላ አየችን።

"ምነው፣ ምን ሆናችሁ?"

"ድንጋይ በዝቶበት ነው" አለቻት እናቴ፣ ፀጉሯን በመዳፏ እየዳበሰች። ከዚያ በልጅቷ ራስ ላይ አሻግራ አየችኝና፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ "ትደግና እንነግራታለን" አለችኝ።