«ግድ የለም» ያሉት ሽማግሌ

ያ የክሊኒካችን ጸሐፊ ዛሬ በሕይወት ካለ ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል። ባያነብም እጽፈዋለሁ፤ ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ ይቀመጥ?

ዘመኑ የንጉሡ መጨረሻ ገደማ ነው። ኮልፌ ባለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ፣ ጥርስ ክፍል ውስጥ ድሬሰር ነበርኩ። ሥራዬ ዕቃ መቀቀል፣ ጉጠት ማቀበልና ሲነቀል የበሽተኛውን ራስ መያዝ ነው። ክሊኒኳ በዓመት ሁለት ጊዜ ከወጨጫ ጀርባ ላሉት የተራራ መንደሮች ነፃ የጥርስ ሕክምና ትሰጥ ነበር። ከከራንዮ ወዲያ በላንድሮቨር እንሄድና መኪና የሚገባበት መንገድ ሲያልቅ ዕቃውን በበቅሎ አስጭነን በእግር እንወጣለን። ሦስት ነበርን፤ ፈረንጁ ሐኪም፣ እኔና አስተርጓሚ ሆኖ የሚመጣው ጸሐፊ።

ሐኪሙን አልወቅሰውም። እጁ እስኪዝል የሚሠራ ሰው ነበር። አንድ ደንብ ነበረው፤ የጥርሱ ባለቤት «እሺ» ሳይል ጥርስ አይነካም። ደንቡም ጥሩ ደንብ ነው። አማርኛ ግን አያውቅም፤ የሚሰማው በጸሐፊው ጆሮ ነው። ጸሐፊው ደግሞ ጥርሱን የነቀለው መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ለእሱ ሰው ማለት በመዝገቡ ላይ ያለ አንድ መስመር ነው፤ መስመሩ ከሞላ ሥራው አለቀ።

የዚያን ቀን ሰልፉ የተያዘው ገና ጎህ ሳይቀድ ነበር። ወደ ምሳ ሰዓት ግድም ጉንጫቸውን በነጭ ጨርቅ ያሰሩ ሽማግሌ ተራ ደረሳቸው። እብጠቱ ከጨርቁ በላይ ዓይናቸውን ሊዘጋው ምንም አልቀረውም። ሦስት ቀን እህል እንዳልቀመሱ ከኋላቸው የቆመች ጎረቤታቸው ነገረችኝ።

«አባባ፣ ጥርስዎ ይነቀልልዎ?» አለ ጸሐፊው፣ ከመዝገቡ ቀና ሳይል።

«ኧረ ግድ የለም፣ ጌታዬ» አሉ። «እኔ ምን ዕድሜ ቀረኝ? ለነዚህ ለልጆቹ ይድረስ።»

አፋቸው ይህን ይበል እንጂ እግራቸው ወደ ወንበሩ እንዳመለከተ ነው፤ አንድ ጋት አልተመለሰም። ጸሐፊው ግን ወደ ሐኪሙ ዞሮ በእንግሊዝኛ «አይፈልጉም» አለው። መዝገቡም ላይ «አልፈለጉም» ብሎ ጻፈና «ቀጣይ!» ብሎ ተጣራ።

ደሜ ፈላ። በዚህ አገር ተወልዶ «ግድ የለም» ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? ኮልፌ ጎረቤታችን የነበሩት የሐጂ ባለቤት በረመዳን የምስር ሳምቡሳ ይዘው ሲመጡ እናቴ «ምነው ተቸገሩ፣ ግድ የለም!» እያለች ነው ሳህኑን የምትቀበለው። ሰው «ግድ የለም» የሚለው «በሞቴ» እንዲባል ነው። «አፈር ስሆን» ይባላል፣ እጅ ይያዛል፣ ይጎተታል፤ ከዚያ በኋላ እሺ ይባላል። ገና ሲጠየቅ ዘሎ የሚቀመጥ ሽማግሌማ የልጅ ልጁ ፊት ምን ሊባል ነው?

ጠጋ አልኩና «ጋሼ፣ እኚህ ሰውዬ እኮ እንዲለመኑ ነው የሚፈልጉት» አልኩት።

«ራሳቸው ናቸው ያሉት። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

ሥራዬን ሠራሁ። ሽማግሌው ከሰልፉ ወጥተው አጥሩ ሥር ቆሙ። አልሄዱም። እኔ ቀና ባልኩ ቁጥር ዓይኔን እየፈለጉ ፈገግ ለማለት ይሞክራሉ።

ሰልፉ ሲያልቅ የአካባቢው ባላባት ቤት ለምሳ ተጠራን። በግ ታርዷል። ባላባቱ ለጸሐፊው ጎረድ ጎረድ ያለ ሥጋ ሲያነሱለት ምን ቢል ጥሩ ነው? «ግድ የለም፣ ጠግቤያለሁ!» አለ። «በሞቴ» አሉት። «ኧረ በቃኝ» አለ። «አፈር ስሆን» አሉት። በሦስተኛው አፉን ከፈተ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እየጎረሰ አየሁት፤ ሲያላምጥ ጥርሱ ሁሉ ደህና ነበር።

ከቤቱ ስንወጣ ሽማግሌው አጥሩ ሥር እንደቆሙ ነበሩ። ዕቃው ተጭኗል። ሐኪሙ ከበቅሎዋ አጠገብ ብቻውን ቆሞ ጓንቱን ያጣጥፋል። እንግሊዝኛዬ ጥጥና ጉጠት ለማቀበል የምትበቃ ብትሆንም «ይፈልጋሉ» ማለት አያቅተኝም ነበር። አላልኩም። ጸሐፊው ወደ እኔ እያየ ነበር፤ እኔም እንጀራዬን ፈራሁ። ከሁሉ አብልጬ የምናደደው በዚህ ነው። እሱን ስሳደብ የኖርኩት ራሴን ላለመስደብ እንደሆነ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሽማግሌው እጅ ነስተው «መንገዱን የቀና ያድርግላችሁ» አሉን። ቃሉ በእብጠቱ መሐል ተጨፍልቆ ነው የወጣው።

ወር ሳይሞላ፣ አንድ የገበያ ቀን፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ክሊኒኳ በር ላይ መጥታ የጥርሶቹን ሰዎች ጠየቀች። ጸሐፊው በመስኮት አይቷት ወደ ውስጥ ገባ። እኔ ወጣሁ። የሽማግሌው ልጅ ነበረች። እብጠቱ ወደ አንገታቸው ወርዶ፣ ትንፋሽ ከልክሏቸው፣ እኛ በሄድን በሳምንቱ ሞተዋል።

ልትጣላኝ የመጣች መስሎኝ ነበር፤ ብትጣላኝ በወደድኩ። እሷ ግን ቤት ውስጥ የተነሳ ክርክር ነበር ያመጣት። ወንድሟ «አባረዋቸው ነው» ይላል። እናቷ ደግሞ «አይ፣ አባታችሁ ‹ሐኪሞቹ ጠይቀውኛል፣ አክብረውኛል› ብለው ነግረውኛል» ትላለች። እውነቱን ከእኛው አፍ ልትሰማ ነው ያን ሁሉ ቁልቁለት የወረደችው።

«ጠይቀናቸዋል» አልኳት። «ግድ የለም አሉ።»

«እሱንማ ይላሉ» አለች፤ አባቷን እንደምታውቅ ሰው ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በጨዋ አንደበት ጠየቀችኝ።

«ስንት ጊዜ ጠየቃችኋቸው?»

ልዋሽ አሰብኩ። ሦስት ጊዜ ብላት ሐዘኗን ይዛ፣ ልቧ አርፎ ትመለስ ነበር።

«አንድ ጊዜ» አልኳት።