ያለቀ መሐላ

ኃይለማርያም መጠጥ ካቆመ ዛሬ ዓመት ከሦስት ቀኑ ነው። ያቆመው አምና መጋቢት አምስት፣ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል፣ የንስሐ አባቱ ፊት ተገዝቶ ነው። አቡዬ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጠራቸው ጻድቅ ናቸው። የሚሠራው ግን፣ ቢያምኑም ባያምኑም፣ በስደት በሚኖርበት ከተማ፣ ብሉር ጎዳና ላይ ባለ የአይሪሾች መጠጥ ቤት ነው። ብርጭቆ ያጥባል፣ ጠረጴዛ ያነሳል። ድመትን ወተት አስጠበቋት እያሉ የሚያውቁት ይስቁበታል። ይሳቁ። ስድሳ አራት ዓመት የሞላውን፣ ወገቡን የሚያመውን ሰው ሥራ አማርጥ ያለው ማን አለ?

ዛሬ የአይሪሾቹ የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ነው። አረንጓዴ ባርኔጣ የደፋ ሕዝብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ቤቱን ሞልቶታል፤ ቢራው ራሱ አረንጓዴ ቀለም ተጨምሮበታል። ለኃይለማርያም ግን ሑዳዴ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አይቀምስም። ልቡም እዚያ ቤት አልነበረም፤ ሪጀንት ፓርክ ሰፈር፣ ልጁ ሐሴት ዘንድ ነበር። ሐሴት አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ሺፍቷ አስር ሰዓት ይጀምራል። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የአራት ዓመት ልጇን ፌበንን ለእሱ ለብቻው ትታለት ልትሄድ ነው። ዓመት ሙሉ የለመናት ይህንኑ ነበር። እሺ ስትለው ታዲያ ፊቷ አልተፈታም። «አንድ ቀን ከሸተትከኝ አበቃ፤ ሁለተኛ አታያትም» ነበር ያለችው። እሱም የቀኑን የመጀመሪያ ጉርሻ ከልጅ ልጁ ጋር ሊቀምስ ሁለት ብርቱካን በጃኬቱ ኪስ ይዞ ነው ሥራ የገባው።

ዴክላን የሚባል ጡረታ የወጣ አናጢ አለ፤ የቤቱ ነባር ደንበኛ ነው፣ ኃይለማርያምን ይወደዋል፣ ሳይነዘንዘው ግን አይውልም። ዛሬ ገና በጠዋቱ ሞቅ ብሎት፣ የኛ ፓትሪክ ከአየርላንድ እባብ የሚባል ጠራርጎ አባረረ፣ ያንተ ቅዱስ ምን አደረገ ብሎ ያዘው። ኃይለማርያምም የኛ ማንንም አላባረሩም፣ ከስልሳ አንበሳና ከስልሳ ነብር ጋር ኖሩ እንጂ አለው። ዴክላን ተደነቀና ምን ይጠጡ ነበር ሲል ጠየቀ። ምንም፣ የእናታቸውን ጡት እንኳ አልጠቡም አለው። ዴክላን ብርጭቆውን አስቀምጦ ከልቡ አዘነላቸው። እና በበዓላቸው ቀን ምን ታደርጋላችሁ አለ።

«ጠላ ጠምቀን በስማቸው እንጠጣለን።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ዴክላን አማተበና በል እንግዲህ ሃይማኖታችን አንድ ነው አለ፤ ገብስና ውሃ ብቻ ከሆነ ቢራም የጾም ነው ብሎ ብርጭቆ ወደ እሱ ገፋ። ኃይለማርያም እየሳቀ ብርጭቆውን መለሰለት። እውነቱን ለመናገር ምራቁን ውጧል። ግን መለሰለት።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ጃኬቱን ሊለብስ አንድ የመጨረሻ ጠረጴዛ ሲያነሳ፣ ዴክላን ወንበር ላይ ወጣ። ለማይጠጡት ቅዱስ እንጠጣ ብሎ ጮኸ፣ ብርጭቆውን ከፍ አደረገ፣ ተንሸራተተ። ሙሉ ትሪ ቢራ ይዛ የምታልፈውን አስተናጋጅ ይዟት ወደቀ። ቢራው በሙሉ ኃይለማርያም ላይ ተከነበለ።

ሸሚዙን በቧንቧ ውሃ ፈተገው። አረንጓዴው ለቀቅ አለ፣ ሽታው ግን የት ይሄዳል። የሚኖረው ሩቅ፣ ሬክስዴል ሰፈር ነው፤ ልብስ ልቀይር ቢል ሐሴት ሥራ ይረፍድባታል፣ ቢቀር ደግሞ ጠጥቶ ነው የቀረው ትላለች። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ በምድር ውስጡ ባቡር፣ ከዚያ በደንዳስ ጎዳና የከተማ ባቡር ሄደ። ባቡሩ እየዘፈኑ በሚወዛወዙ ሰካራሞች ታጭቋል፤ ከነሱ መሐል ተለይቶ አይታወቅም ነበር። ሙቀቱና ባዶ ሆዱ ራሱን አዞሩት።

ሐሴት በሩን ስትከፍት ፌበን ቀድማ ሮጠች። ጎንበስ ብሎ ብድግ አደረጋት፤ ያኔ ዓይኑ ጨለመበት፣ ልጅቷን እንዳቀፈ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ፌበን ጨዋታ መስሏት ሳቀች። ሐሴት ግን አልሳቀችም። ልጇን ከእቅፉ ልታነሳ ዝቅ ስትል ሸተታት።

ፊቷ ላይ ንዴት ቢያይ ይሻለው ነበር። ያየው ድካም ነው።

አፉን ከፈተ። አቡዬን ብሎ ሊምል ነበር። ግን በዚያ ስም ስንቴ ምሎላታል? የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት በር ላይ በበረዶ ሁለት ሰዓት ያስቆማት ዕለት፣ አቡዬን አልቀመስኩም ብሏታል። እናቷ በሞተች ሰሞንም እንዲሁ። መሐላውን ሁሉ በውሸት ጨርሶታል፤ ለዛሬዋ እውነት አንድ እንኳ አላስተረፈም። ለዴክላን ልደውልልሽ ሊላት አሰበና ተወው፤ ለሰካራም ሰካራም ሊመሰክርለት?

«አልጠጣሁም የኔ ልጅ» አለ ብቻ።

«አንተ መቼ ጠጥተህ ታውቃለህ አባዬ» አለችው ቀስ ብላ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ ሐሴት እባቡን አይታ ብቻ አይደለም፣ አብራው ነው ያደገችው። በምን ይፈረድባታል? ክንዱን ይዛ አስነሳችው፣ በር ድረስ ደገፈችው፣ ስልኳን አውጥታ ሥራ ቦታዋ ደውላ ዛሬ አልመጣም አለች። በሩ ሲዘጋ ፌበን ከውስጥ ትጠራው ነበር። ሁለቱን ብርቱካን ደፉ ላይ አስቀመጠና ወረደ።

አስር ሰዓት አልፎ መጠጥ ቤቱ ተመለሰ፤ ዛሬ ግን በኋላው በር አልገባም፣ በፊት ለፊቱ ነው። ዴክላን አጠገብ ተቀመጠና አንድ ብርጭቆ አዘዘ። ቀኑን ሙሉ ሲነዘንዘው የዋለው ዴክላን ፊቱን አይቶ ስካሩ ሁሉ በረደለት፤ እጁን በብርጭቆው አፍ ላይ አደረገ።

«ቅዱስህስ?» አለው።

ኃይለማርያም የሽማግሌውን እጅ ቀስ ብሎ አነሳ። ከማለዳ ጀምሮ በአፉ የዞረ ነገር አልነበረም፤ እንደ ልማዱ አማተበ።

«እሳቸውማ አይጠጡም» አለና ጨለጠው።